ግድቡ አረንጓዴ ከመሆኑ በፊት፦ ፎስፎረስና ናይትሮጅንን እንዴት እንለካለን፣ ቁጥሩንስ እንዴት እናነበዋለን

ይሄ ጽሁፍ ግድብ ላይ ወይ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ለምትሰሩ፣ ስለ ውሃ ለምትማሩ ተማሪዎች፣ እንዲሁም እንደ ቆቃ ያለ ግድብ ዳር ከብት ለምታጠጡና ዓሳ ለምታወጡ ሰዎች ነው። ውሃ አረንጓዴ ሲሆን ሁሉም ሰው «ማዳበሪያ ገብቶበት ነው» ይላል፣ ልክ ነው ግን ሙሉ አይደለም፣ ምክንያቱም ማዳበሪያና ፍሳሽ እየገባበት ቡኒ ሆኖ የሚከርም ግድብ አለ፣ ያንኑ ያህል ገብቶበት በሁለት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ የሚለብስም አለ። ልዩነቱ እንዲገባችሁ ሁለት ነገር አብራችሁ መለካት አለባችሁ፣ ንጥረ ምግቡን (ፎስፎረስና ናይትሮጅንን) እና ብርሃኑን። ንጥረ ምግቡ አልጌው (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን ነገር) እስከ ምን ድረስ ሊበዛ እንደሚችል ጣሪያውን ይነግራችኋል፣ ብርሃን፣ ሙቀትና የውሃው መረጋጋት ደግሞ መቼ እንደሚበዛ ይነግሯችኋል። አንዱን ብቻ ለክቶ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው (እንደዛ የሚያደርገው ብዙ ነው) ወይ ሰውን በከንቱ ያስፈራራል ወይ በከንቱ ያረጋጋል።

ፎስፎረስ ለምን ይቀድማል

አልጌ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በምጥጥን ነው የሚፈልገው፣ በአቶም ቁጥር 106 ካርቦን ለ16 ናይትሮጅን ለ1 ፎስፎረስ፣ በክብደት ከሆነ ናይትሮጅኑ የፎስፎረሱን 7 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ትንሿ ቁጥር የፎስፎረስ ናት፣ ለዛ ነው ትንሽ ፎስፎረስ ብዙ አልጌ የምታወጣው፣ 1 ኪሎ ፎስፎረስ በግምት 100 ኪሎ ደረቅ አልጌ ማብቀል ይችላል፣ ከነውሃው ሲመዘን ደግሞ ከዛም ብዙ እጥፍ ነው።

ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ሐይቅ 226 የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ መሃሉን በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉትና በአንዱ በኩል ካርቦንና ናይትሮጅን ብቻ፣ በሌላው በኩል እነዚሁኑ ከፎስፎረስ ጋር ጨመሩበት፣ ፎስፎረስ ያገኘው ግማሽ አረንጓዴ ሆነ፣ ሌላኛው እንደነበረ ቀረ። ዛሬም ድረስ ሐይቁ ከአውሮፕላን የተነሳው ፎቶ ክላስ ውስጥ ይታያል። ይሄ ማለት ግን ናይትሮጅንን እርሱት ማለት አይደለም። እንደ ዶሊኮስፐርመም ያሉ ሳያኖባክቴሪያዎች (እንደ አልጌ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች) ናይትሮጅንን ከአየር መውሰድ ይችላሉ፣ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሌላው ሳያኖባክቴሪያ ግን አይችልም፣ የሚያመርተው ማይክሮሲስቲን የሚባለው መርዝም ናይትሮጅን የሚበላ ሞለኪውል ነው፣ ስለዚህ ማይክሮሲስቲስ ባለበት ግድብ ዩሪያና የሽንት ቤት ፍሳሽ ሲበዛ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሳምፕል ስትወስዱ

የትኛው ቦታ? ቢያንስ ሦስት፦ ወንዙ የሚገባበት አፍ፣ የግድቡ መሃል፣ እና ውሃ የሚሳብበት ማማ አጠገብ። ዳር ላይ ቆሞ አንድ ጠርሙስ መቅዳት ዋጋ የለውም፣ ነፋስ አልጌውን በሙሉ ወደ አንድ ዳር ገፍቶት ከሆነ ወይ ከእውነታው አስር እጥፍ ታገኛላችሁ ወይ ምንም አታገኙም። ከቻላችሁ ከላይም ከታችም ውሰዱ፣ የታችኛው ለምን እንደሚያስፈልግ በኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ሰው በብዛት የሚሳሳትባቸውን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጠርሙሱን በሳሙና ወይ በኦሞ ማጠብ። ብዙ የዕቃና የልብስ ማጠቢያ ፎስፌት ሊኖረው ይችላል፣ እናንተ የምትፈልጉት ቁጥር ደግሞ በማይክሮግራም ነው፣ ስለዚህ የቀረችው ሳሙና ብቻዋን ውጤቱን ታበላሸዋለች። በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እጠቡ፣ ከዛ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ።

ሁለተኛው በጣም ተንኮለኛ ነው። ብዙ ሰው የሚለካው ኦርቶፎስፌትን ብቻ ነው፣ ማለትም የሟሟውን፣ ኪቱ እሱን ስለሚለካ። ግድቡ አረንጓዴ በሆነበት ቀን ብትለኩት ግን ዜሮ ሊጠጋ ይችላል፣ ለምን? አልጌው በልቶታላ! ፎስፎረሱ በሙሉ ሴሉ ውስጥ ነው ያለው። ከዛ «ፎስፎረስ የለም፣ ችግሩ ሌላ ነው» ተብሎ ይጻፋል። መለካት ያለባችሁ ጠቅላላ ፎስፎረስን ነው፣ ሳምፕሉ በአሲድና በሙቀት ተፈጭቶ፣ ሴሉ ውስጥ ያለው ፎስፎረስም ሟሙቶ ከወጣ በኋላ ማለት ነው፣ ይሄ ላብ ይፈልጋል። ወዲያው ላብ ማድረስ ካልቻላችሁ በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹን ከ2 በታች አውርዱትና 4 ዲግሪ ላይ አቆዩት፣ እስከ 28 ቀን ይቆያል።

ሦስተኛ፣ አሃዱ። አንዱ ላብ «ፎስፌት» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ፎስፎረስ» ይላል፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በፎስፌት የተጻፈን ቁጥር ለ3.06 ካካፈላችሁት ፎስፎረሱን ታገኛላችሁ፣ በናይትሬት የተጻፈን ደግሞ ለ4.43 አካፍሉት። ይሄን ሳያደርጉ ሁለት ሪፖርት አወዳድረው «በሦስት እጥፍ ጨመረ» የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እናንተ እንዳትሆኑ። ፎቶሜትር ይዛችሁ ፊልድ ላይ የምትለኩም ማሽኑ ዝቅተኛ ሲባል ምን ያህል ማንበብ እንደሚችል ማኑዋሉ ላይ እዩ፣ የምንፈልገው ልዩነት በሊትር 20 ማይክሮግራምና 50 ማይክሮግራም መካከል ስለሆነ ከ100 በታች የማያነብ ኪት ለዚህ ስራ አይሆንም።

ቁጥሩ ሲመጣ

ጠቅላላ ፎስፎረስ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ውሃው ድሃ ነው፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ አይሆንም። ከ10 እስከ 35 መካከለኛ ነው፣ ከ35 እስከ 100 ሀብታም ነው፣ ምቹ ጊዜ ካገኘ አልጌ ይመጣል፣ ከ100 በላይ ከሆነ ፎስፎረሱ ከመጠን በላይ ስለሆነ አልጌውን የሚያቆመው ሌላ ነገር ብቻ ነው።

ሌላው መሳሪያ ውሃው ምን ያህል ጥርት እንዳለ የሚለካው የሴኪ ዲስክ ነው፣ 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ጥቁርና ነጭ ሩብ በሩብ የተቀባ ክብ፣ ከቆርቆሮ ቆርጣችሁ ራሳችሁ ልትሰሩት ትችላላችሁ፣ ክብደት እሰሩበትና ገመዱ ላይ በየ10 ሴንቲሜትሩ ምልክት አድርጉ። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጀልባው ጥላ በኩል አውርዱት፣ ሲጠፋ ያለውን ጥልቀትና ስትስቡት ተመልሶ ሲታይ ያለውን አማካይ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሮበርት ካርልሰን ያወጣው ኢንዴክስ (ሲጨምር ውሃው በአልጌ መበልጸጉን የሚያሳይ ቁጥር) ሴኪን፣ ፎስፎረስንና ክሎሮፊልን (የአልጌውን አረንጓዴ ቀለም) አንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጣቸዋል፦ ሴኪ 2 ሜትር፣ ጠቅላላ ፎስፎረስ በሊትር 24 ማይክሮግራም፣ ክሎሮፊል በሊትር 7.3 ማይክሮግራም ከሆነ ኢንዴክሱ 50 ነው። ሴኪው በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ኢንዴክሱ በ10 ይጨምራል፣ 1 ሜትር 60፣ 50 ሴንቲሜትር 70፣ 25 ሴንቲሜትር 80። ክሎሮፊል ደግሞ 20 ሲሆን 60፣ 56 ሲሆን 70 ነው።

ጭቃው

አሁን ዋናው ነገር፣ ቢያንስ ለኛ ሀገር። ይሄ ኢንዴክስ የተሰራው ውሃውን የሚያደበዝዘው አልጌ ብቻ ለሆነባቸው ሐይቆች ነው። ለገዳዲን የሚያውቅ ሰው ውሃው ምን እንደሚመስል ያውቃል፣ የአዲስ አበባን ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሚሰራ፣ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ፣ ዙሪያው እርሻ፣ ክረምት ላይ የሚገባበት ሸክላ አፈር ውሃውን ቡኒ አድርጎት ወራት ይቆያል። ቆቃም ያው ነው፣ አዋሽ ጭቃውን ይዞ ይገባበታል። እንደዚህ አይነት ውሃ ላይ ሴኪ ብቻ ብትለኩ 25 ሴንቲሜትር ታገኙና «ኢንዴክሱ 80፣ ጉድ ሆነናል» ትላላችሁ። ክሎሮፊሉን ስትለኩት ግን 7 ይወጣል፣ ማለትም 50። ሁለቱ እንደዚህ ሲራራቁ ውሃውን ያደበዘዘው ሸክላ ነው፣ አልጌው ደግሞ ብርሃን አጥቶ ነው የተኛው። ፎስፎረሱም በከፊል አፈሩ ላይ ተጣብቆ ያለ ስለሆነ ጠቅላላ ፎስፎረስ ትልቅ ይወጣል እንጂ ሁሉም ለአልጌ ዝግጁ አይደለም።

ሂሳቡን ቀለል አድርገን እንየው። ለአልጌ የሚበቃ ብርሃን የሚደርሰው በግምት የሴኪውን ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው፣ ሴኪ 25 ከሆነ ብርሃኑ 60 ሴንቲሜትር አካባቢ ያልቃል። ነፋሱ ውሃውን እስከ 6 ሜትር እያማሰለው ከሆነ አንድ የአልጌ ሴል ከጊዜው ዘጠኝ አስረኛውን ጨለማ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው፣ ስለዚህ ምንም ያህል ፎስፎረስ ቢኖር አያድግም። ነፋሱ ሲቆም ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማይክሮሲስቲስ ሴሉ ውስጥ ጋዝ የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሉት ራሱን ወደ ላይ ያንሳፍፋል፣ ሌሎቹ አልጌዎች ጭቃው ውስጥ ሲሰምጡ እሱ ብርሃኑን ለብቻው ይይዘዋል። ቆቃ ድፍርስ ሆኖ እያለ ማይክሮሲስቲስ የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ እዛ የተሰሩ ጥናቶችም ማይክሮሲስቲን ከዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መጠን (በሊትር 1 ማይክሮግራም) በላይ አግኝተዋል። ለገዳዲም ውስጥ ማይክሮሲስቲስና ዶሊኮስፐርመም ተገኝተዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው አይወድደውም፣ እኔ ግን እለዋለሁ፦ የአፈር ጥበቃ ስራ ብቻውን፣ ፍሳሹንና ማዳበሪያውን ሳይነኩ፣ ውሃውን ጥርት ካደረገው ግድቡ ከቡኒ ወደ አረንጓዴ ሊሄድ ይችላል። እርከኑ ይሰራ፣ ዛፉ ይተከል፣ ደለሉ ግድቡን እየሞላው ነው አይካድም፣ ግን ፎስፎረሱም አብሮ መቀነስ አለበት።

የጠርሙስ ሙከራ

ግድባችሁ ውስጥ አልጌው እንዳይበዛ የሚያግደው የፎስፎረስ እጥረት ነው፣ የናይትሮጅን ነው ወይስ የብርሃን? ጠቅላላ ናይትሮጅንን ለጠቅላላ ፎስፎረስ አካፍሉ፣ በክብደት ከ9 በታች ከሆነ ናይትሮጅን ያጥራል፣ ከ23 በላይ ከሆነ ፎስፎረስ ያጥራል፣ መሃል ላይ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ይሄ ግን ሁለቱም በሞሉበት ውሃ ላይ ትርጉም የለውም፣ ፎስፎረሱ 300 የሆነ ግድብ ላይ ምጥጥን ማስላት ጊዜ ማጥፋት ነው።

የተሻለው ራሱን ውሃውን መጠየቅ ነው። 12 ንጹህ፣ ቀለም የሌለው የአንድ ሊትር ሃይላንድ ፈልጉ፣ ከግድቡ በአንድ ባልዲ የተቀዳ ውሃ እኩል አከፋፍሉ፣ ትንሽ የአየር ቦታ ተዉ። ሦስቱን ምንም አትንኩ፣ ሦስቱ ላይ ናይትሮጅን፣ ሦስቱ ላይ ፎስፎረስ፣ ሦስቱ ላይ ሁለቱንም ጨምሩ። ለናይትሮጅኑ 7.22 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙ፣ ለፎስፎረሱ 0.44 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት በሌላ አንድ ሊትር፣ ከየራሳቸው 1 ሚሊሊትር በጠርሙስ ስትጨምሩ ናይትሮጅኑ በሊትር 1 ሚሊግራም፣ ፎስፎረሱ 0.1 ሚሊግራም ይጨምራል። ጠርሙሶቹን እዛው ግድቡ ላይ ከላይኛው ውሃ ስር አንጠልጥሏቸው፣ ወይ ቀጥታ ፀሐይ የማያቃጥለው መስኮት ላይ አስቀምጡ፣ በየቀኑ ገልበጥ ገልበጥ አድርጓቸው፣ ከ5 እስከ 7 ቀን። ከዛ ክሎሮፊል ለኩ፣ ካልተቻለ ነጭ ወረቀት ከኋላ አድርጋችሁ ቀለሙን አወዳድሩ፣ ለትምህርት ቤት ይበቃል።

ፎስፎረስ የተጨመረበት ብቻ ከበለጠ ፎስፎረስ ነው፣ አብረው የተጨመሩበት ከሁሉም ከበለጠ ሁለቱም ናቸው። ምንም ያልተጨመረበት ጠርሙስ ራሱ ከግድቡ ውሃ በላይ አረንጓዴ ከሆነስ? ጭቃው ጠርሙሱ ስር ተቀምጦ ብርሃን ስላገኘ ነው፣ ግድቡን ይዞት የነበረው ብርሃን ነበር ማለት ነው፣ ንጥረ ምግቡ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው።

ከየት ነው የሚመጣው

ወደ ግድቡ የሚገባውን ለማወቅ የወንዙን ፍሰት (ሜትር ኩብ በሰከንድ) በፎስፎረሱ (ሚሊግራም በሊትር) አባዙ፣ ከዛ በ86.4፣ በቀን ስንት ኪሎ እንደሚገባ ይሰጣችኋል። ለምሳሌ 2 ሜትር ኩብ የሚፈስና 0.3 ሚሊግራም የያዘ ወንዝ በቀን 52 ኪሎ ገደማ ያስገባል። በጋ ላይ በወር አንዴ ብቻ የምትለኩ ከሆነ ዋናው ያመልጣችኋል፣ ከአፈር ጋር የሚመጣው ፎስፎረስ አብዛኛው የሚገባው በሰኔና በሐምሌ ጎርፍ ነው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ፣ ስለዚህ ሳምፕል የሚወስድ ሰው ዝናብ ሲዘንብ ቤቱ መቀመጥ የለበትም። የከተማ ፍሳሽ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው የሚመጣው፣ የሟሟ ስለሆነም አልጌው ወዲያው ይጠቀምበታል። አዋሽ ቆቃ ሲደርስ የአቃቂን ውሃ ይዞ ነው፣ የሞጆ ወንዝም እዛው ነው የሚገባው፣ ያንን በእርከን አታቆሙትም።

ከውስጥ የሚመጣም አለ። የግድቡ ስር ኦክስጅን ሲያልቅበት ከብረት ጋር ታስሮ ደለሉ ላይ የተቀመጠው ፎስፎረስ ይፈታል፣ ለዛ ነው ከታች ሳምፕል ውሰዱ ያልኩት። ከታች ያለው ኦክስጅን ዜሮ የተጠጋ፣ ፎስፎረሱ ደግሞ ከላይኛው በብዙ የበለጠ ከሆነ ደለሉ ራሱ እየመገበ ነው፣ የወንዙን ዛሬ ብታቆሙት እንኳ ግድቡ ቶሎ አይድንም። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ሐይቅ ግን ጥሩ ምሳሌ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 የከተማው ፍሳሽ ደረጃ በደረጃ ከሐይቁ እንዲወጣ ተደረገ፣ ውሃው በጥቂት ዓመታት ጠራ። ጥልቅ ስለሆነ ረድቶታል፣ ጥልቀት የሌለው ግድብ ላይ እንደዛ ፍጥነት አትጠብቁ።

አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ

መጀመሪያ ምን እንደሆነ እወቁ። ጓንት አድርጉ፣ ረጅም እንጨት አስገቡና አውጡ፣ ክር የመሰለ ነገር ከተንጠለጠለ ተራ አልጌ ነው፣ እንጨቱ ቀለም የተቀባ ከመሰለ ሳያኖባክቴሪያ መሆኑን ጠርጥሩ። ውሃውን በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድታችሁ ሳትነቀንቁት ጥላ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት አረንጓዴው ላይ ተንሳፎ ከተገኘ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይሄ ግን መርዝ አለ የለም አይልም፣ እሱን የሚለው ላብ ነው።

ውሃውን ማፍላት አይረዳም! ማይክሮሲስቲን በፈላ ውሃ አይጠፋም፣ ውሃው ሲተን እንደውም ይወፍራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 አሜሪካ ቶሌዶ ላይ ከኤሪ ሐይቅ የሚመጣው ውሃ ውስጥ ማይክሮሲስቲን ሲገኝ ከ400 ሺህ በላይ ሰው «አትጠጡ፣ አታፍሉም» ተብሎ ነበር። ብራዚል ካሩዋሩ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 የኩላሊት እጥበት ማዕከል ከግድብ የመጣ፣ በደንብ ያልታከመ ውሃ ተጠቅሞ ከ50 በላይ ታካሚ ሞቷል፣ ሆስፒታል ያለበት ከተማ ውሃ የምታቀርቡ ይሄን አትርሱ።

ጣቢያ ላይ ያላችሁ፦ መዳብ ሰልፌት ለመርጨት አትቸኩሉ፣ ሴሉን ሲያፈነዳው ውስጡ ያለው መርዝ በሙሉ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ ከዛ በኋላ ማጣራት ከባድ ነው። ክሎሪንም ከማጣሪያው በፊት ስትጨምሩ ያው ነው፣ ሴሉን ሳታፈነዱ በአሉሚኒየም ሰልፌት አዝቅጣችሁና አጣርታችሁ ከዛ ክሎሪን ስጡ፣ የሟሟ መርዝ ካለ ዱቄት አክቲቬትድ ካርቦን (መርዙን የሚይዝ የከሰል ዱቄት) ያስፈልጋል። የመሳቢያ በሩን ወደ ታች ማውረድ ይረዳል፣ ማይክሮሲስቲስ ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ግን በጣም ከታች ከሄዳችሁ ኦክስጅን የሌለበትን ውሃ ከነብረቱና ማንጋኒዙ ትስባላችሁ፣ ስለዚህ በየጥልቀቱ ኦክስጅን ለክታችሁ ምረጡ።

ከብት ያላችሁ ደግሞ ነፋሱ አረንጓዴውን ከገፋበት ዳር አታጠጡ፣ ሌላ ውሃ ካለ እሱን ስጡ፣ ከሌለ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ውሃው ላይ ምንም ሽፋን ከሌለበት ቦታ። ዓሳውን ሆድቃውንና ጉበቱን አውጥታችሁ ጣሉ፣ መርዙ በብዛት የሚከማቸው እዛ ነው፣ ስጋውን በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ሆድቃውን ደግሞ ውሻና ዶሮ እንዳያገኘው ቅበሩት።